ለስምንት ማውስ ስምንት ዳንቴል

መጀመሪያ ቀን ማውሱን ከነገመዱ አንስቼ ስክሪኑ ላይ አሳረፍኩት።

አሠልጣኟ «ቀስቷን ወስዳችሁ ቢጫው ፎልደር ላይ አድርጓት» ብላ ነበር። እኔ ቀስቷ ማውሱ ውስጥ ያለች መሰለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ማኅተም ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የያዝኩትን ዕቃ የታዘዝኩት ቦታ ላይ ማሳረፍ ሥራዬ ነው። ጠቅ አለ። ስክሪኑ ትንሽ ወደ ኋላ አለ።

«እናቴ» አለችኝ አሠልጣኟ በቀስታ። «ማውሱ ከጠረጴዛው አይነሳም።»

«ታዲያ እንዴት ይደርሳል?»

«እሱ አይደርስም። የምትደርሰው ቀስቷ ናት።»

የማላየውን ጌታ ሳምን ኖሬያለሁ። እዚህ ስገፋ እዚያ ይሄዳል የሚለውን ማመን ግን ከበደኝ።

የምሠራው ሶዶ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። የሚገባውን ደብዳቤ እቀበላለሁ፣ የሚወጣውን እሸኛለሁ፣ የሠራተኛውን ማኅደር እጠብቃለሁ። የማን ፋይል የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አውጥቼ እሰጣለሁ። ኃላፊው «ያ የአጥሩ ጉዳይ...» ብሎ ሳይጨርስ ወረቀቱ እጁ ላይ ነው። በዚህ ትንሽ እኮራ ነበር። ጌታ ትዕቢተኛን ይቃወማል ተብሎ ተጽፏል፤ እኔን የተቃወመው በማውስ ነው።

አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። መዝገብ ቤትና ንብረት ክፍል ወደ ኮምፒዩተር ሊገቡ ነው። የሁለት ሳምንት ሥልጠና አለ፤ ከሥልጠናው በኋላ ፈተና አለ። ፈተናውን ያለፈ በቦታው ይቆያል፣ የወደቀ በድልድል ወደ ወረዳ ይላካል። ደብዳቤውን ተቀብዬ መዘገብኩት፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ አባዝቼ በየክፍሉ አደረስኩት። የራሴን ፍርድ ራሴ ማኅተም መትቼ በተንኩት ማለት ነው።

ለእኔ የተወራልኝ ወረዳ ቦምቤ ነበር። ቦምቤ ክፉ አገር አይደለም። ዝንጅብሉ ጥሩ ነው፣ ሰዉም ጥሩ ነው። የእኔ ችግር ምሳ ነው።

ቤቴ አማቴ አሉ። በቤታችን ቋንቋ፣ በወላይትኛ፣ «አዬ» እላቸዋለሁ፤ እናቴ ማለት ነው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ኦቶና ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ በኋላ ወደ አገራቸው ወደ ተበላ አልመለስናቸውም፣ እኛው ዘንድ ቀሩ። እጃቸው ደከመ፣ እግራቸው ደከመ። ምላሳቸው ግን ከቀድሞው በረታ፤ ጌታ ከአንዱ የወሰደውን ለሌላው ጨምሮ ሰጥቷል።

አዬ ከእኔ እጅ በስተቀር አይበሉም። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፣ የሚያስተምረው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ምሳ ሊያበላቸው ይችል ነበር። አንድ ቀን ሞከረ። «ወንድ ልጄ ካጎረሰኝማ ሞቻለሁ ማለት ነው» ብለው አፋቸውን ገጠሙ። ጎረቤቴ ሞከረች። «እጇ ሳሙና ሳሙና ይላል» ተባለች። የእኔ እጅ ምን ምን እንደሚላቸው አላውቅም፤ የመዝገብ ቤት አቧራ መሆን አለበት። ስለዚህ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን መዝገብ ቤቱን ቆልፌ እሮጣለሁ፣ አጉርሼ እመለሳለሁ። ከቦምቤ ግን ሮጦ መምጣት የለም።

ነገሩ ይኸው ነው። ማውሱን መያዝ ካልቻልኩ አማቴ ምሳ አይበሉም።

ሥልጠናው የተሰጠው በስብሰባ ክፍላችን ነው። ስምንት ኮምፒዩተር፣ አሥራ ስድስት ሰው፣ ለሁለት አንድ። ጠረጴዛዎቹ ላያቸው መስታወት ነው። በየማውሱ ሥር የተቀደደ የሳሙና ካርቶን ተነጥፏል። የእኔው ካርቶን «በደረቅ ቦታ ይቀመጥ» ይላል። ለምን እንደተነጠፈ አልጠየቅኩም። ድህነት መሰለኝ።

ጥንዴ የሆነው የንብረት ክፍሉ ሰው ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ሱቅ የከፈቱ፣ እሱ እዚሁ የተወለደ፣ ወላይትኛውን ከእኔ እኩል የሚያወራ ሰው ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ጋሼ እለዋለሁ፣ እትዬ ይለኛል። ማውስ ላይ ከእኔ አይሻልም ነበር። ክሊክ ሲያደርግ በር እንደሚያንኳኳ ነው፤ አንኳኩቶ ከውስጥ «ማነው?» እስኪሉት ይጠብቃል። አፉ ግን አያርፍም።

«ጋሼ፣ ቀስቷ ጠፋችብኝ» አልኩት በሁለተኛው ቀን።

«አልጠፋችም። ቀድማሽ ቦምቤ ሄዳ ቤት እየፈለገችልሽ ነው።»

በጣም ያስቸገረኝ መጎተት የሚሉት ነገር ነው። ደብዳቤውን በቀስቷ ተጭነሽ ትይዣለሽ፣ ሳትለቂ ወደ ፎልደሩ ትወስጃለሽ፣ ስትደርሺ ትለቂያለሽ። እኔ መንገድ ላይ እለቃለሁ። ማውሱን አያለሁ፣ ቀና ብዬ ስክሪኑን አያለሁ፣ ተመልሼ ማውሱን አያለሁ፤ ውሃ እንደምትጠጣ ዶሮ። አንገቴ ሲነሳ ጣቴም አብሮ ይነሳል። ደብዳቤው ባገኘው ፎልደር ይወድቃል።

በሦስተኛው ቀን አሠልጣኟ ለልምምድ የኃላፊያችንን ማኅደር ሰጠችን። ከ«ቋሚ ሠራተኞች» ወደ «የሥራ ሂደት መሪዎች» ጎትቱት አለች። ጎተትኩ። ለቀቅኩ። «በሥነ ምግባር የተሰናበቱ» ውስጥ ገባ።

«ወይኔ! ልመልሰው፣ እንዴት ነው የሚመለሰው?»

«ተዪው» አለ ጋሼ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እትዬ፣ ይህን ያህል ዓመት ያልተሠራ ሥራ ነው የሠራሽው። አትመልሺው።»

ረቡዕ ለሴቶች የጸሎት ቡድናችን ጉዳዬን አቀረብኩ። ስለ ቀኝ እጄ እንዲጸለይ ጠየቅኩ። ስምንት ሴት ከበበኝ። አንዷ እህት፣ ስትጸልይ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ የሚጮህላት፣ «የማውሱን መንፈስ እናስር» አለች።

«እህቴ፣ ማውሱ የመንግሥት ነው» አልኳት። «አትሰሪው። ለእጄ ብቻ ጸልዪልኝ።»

እጄን ይዘው ጸለዩ፣ ዘይትም ቀቡኝ። በማግሥቱ እጄ ከማውሱ ላይ ያንሸራትተኝ ጀመር። ጌታ በዚያ ሳምንት ሌላ ሥራ ነበረው መሰለኝ። ያዘንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ዘይቱ ለደረቀው እጄ በጅቶታል፣ ለዚያም አመሰገንኩ።

አዬ በየቀኑ ምሳ ላይ ይጠይቁኛል።

«ዛሬስ ያዝሽው?»

«ይዤው አመለጠኝ።»

«ስንት እግር አለው?»

«እግር የለውም፣ አዬ።»

«እግር የሌለው ነገር ነው የሚያመልጥሽ?» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ልጄ ሚስት ሲመርጥ እኔ ገበያ ነበርኩ።»

አርብ ከሥራ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ዳንቴል እሠራ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ለመባ ሣህኖች ማልበሻ ነበር የጀመርኩት። አዬ ስለ አንድ ተበላ የሚኖር ዘመዳቸው ጥፋት እየነገሩኝ ነው፤ እኔ ፊታቸውን እያየሁ «እሺ፣ ከዚያስ?» እላለሁ። ድንገት አቋረጡና፣

«እጅሽን እዪ!» አሉ።

ደንግጬ አየሁ። ኪሮሹ እየሄደ ነው። ክሩን ይይዛል፣ ይስባል፣ ቀዳዳው ሲደርስ ይለቃል። ሳየው ግን ወዲያው ተሳሳተ።

«አየሽ? ስታዪው ነው የሚሳሳተው» አሉኝ። «እዚያም ጣትሽን አፍጥጠሽ እያየሽው ይሆናል። እኔም ምግብ ሳኝክ ሰው ሲያየኝ ያንቀኛል።» ከዚያ ወደ ዘመዳቸው ጥፋት ተመለሱ።

ሥልጠናው ቅዳሜ ጠዋትም ነበር። ገብቼ ማውሱን እንደ ኪሮሽ ያዝኩት፣ በጣት ጫፍ፣ ሳልጨብጥ። እጄን ረሳሁት። ዓይኔን ደብዳቤው ላይ ተከልኩ። ያዝ፣ ሳብ፣ ቀዳዳው ጋ ልቀቅ። ገባ። ሌላ ሞከርኩ። ገባ። አሥር ደብዳቤ አስገባሁ፣ ኃላፊያችንንም ከተሰናበቱት አውጥቼ ወደ ቦታቸው መለስኳቸው።

«ሃሌሉያ!» አልኩ። ትንሽ ጮክ ብያለሁ።

አሠልጣኟ ሮጣ መጣች። ከመጀመሪያ ልጄ ጋር እኩያ ናት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እኔን ለማስተማር ስንት እንደደከመች ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሼ ብቻ አዘነ። «ኃላፊያችንን ለምን መለስሻቸው?» አለ።

ሰው ደግ ሲያደርግልኝ ባዶ እጄን መቆም አልችልም። ሁለተኛው ሳምንት እየገፋ ሲሄድ ስለ ምስጋና ማሰብ ጀመርኩ። ፈተናው ሰኞ ነው። ያስተማረኝ ኪሮሽ ነው፤ ምስጋናውም በኪሮሽ መሆን አለበት። ያ ካርቶን ደግሞ ዓይኔን ሲወጋው ሰንብቷል። ለቴሌቪዥን ዳንቴል እናለብሳለን፣ ለሶፋ እናለብሳለን፣ ለውሃ ማሰሮ እናለብሳለን። ሶዶን የሚያህል ከተማ ውስጥ፣ ያን ያህል እውቀት የያዘ ዕቃ በሳሙና ካርቶን ላይ ይቀመጣል?

ስምንት ዳንቴል ሠራሁ። ክብ፣ ነጭ፣ ዳርዳሩ አበባ። አራቱ የመባ ሣህኖቹ ናቸው፤ ጌታ ይጠብቀኛል ብዬ አስተላለፍኳቸው። በስኳር ውሃ ነክሬ አደረቅኳቸውና ድርቅ ብለው ቆሙ።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ መጣሁ። ጥበቃው ከፈተልኝ። ካርቶኖቹን ሰብስቤ ለእሱ ሰጠሁት። መስታወቱን ወለወልኩ። በየማውሱ ሥር ዳንቴል አነጠፍኩ። ወደ በሩ ሄጄ ቆሜ አየሁት። ክፍሉ ሠርግ ቤት መሰለ። እንዲህ አምሮ የተፈተነ መሥሪያ ቤት የለም ብዬ አሰብኩ፤ ይኸኛው እንኳ እውነት ነው።

ፈታኞቹ ከላይ የተላኩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንድ መነጽር ያደረጉ ሰውዬና አንዲት ሴት። አሠልጣኟ ፈተና ክፍል እንድትገባ አልተፈቀደላትም፣ ከበረንዳው እጇን አውለበለበችልን። ስምንት ስምንት ሆነን በሁለት ዙር እንድንፈተን ተወሰነ። እኔ መጀመሪያው ዙር ደረሰኝ፣ ጋሼም አጠገቤ ባለው ኮምፒዩተር።

ደብተርና ስልክ ውጪ ይቀመጥ ተባለ። መጽሐፍ ቅዱስ ውጪ ይቀመጥ የሚል ፈታኝ ሶዶ ውስጥ አልተወለደም፤ የእኔን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጥኩት።

«ጀምሩ» አሉ ሰውዬው።

ቀስቷ ዘለለች።

ወደ ፎልደሩ ስወስዳት ጣራ ላይ ወጣች። ወደ ታች ስስባት ቆመች፣ ቆመችና ደግሞ ወደ ግራ ተፈናጠረች። አበባው ዳር ላይ ማውሱ ይያዝብኛል። እጄን ረሳሁ፣ ዓይኔን ተከልኩ፣ የተማርኩትን ሁሉ አደረግኩ። ያዝኩት ያልኩት ደብዳቤ ከእጄ አምልጦ ሄደ። «ጌታ ሆይ» አልኩ በውስጤ፣ «ቅዳሜ ሰጥተህ ሰኞ ነሳኸኝ?»

ቀና ስል ሁሉም ሰው ላብ በላብ ነው። ስምንቱም ስክሪን ላይ ቀስቶቹ እንደ ፌንጣ ይዘላሉ። ጋሼ ማውሱን በሁለት እጁ ይዞታል።

«እትዬ» አለኝ በሹክሹክታ። «የእኔዋ መንፈስ ወርዶባታል። ቡድንሽን ጥሪልኝ።»

«መብራቱ እየተዋዠቀ ነው» አሉ ሰውዬው።

«ቫይረስ ነው» አለች ሴትዮዋ። ሰዓት ግን አላቆሙም።

ግማሽ ሰዓት ነው የተሰጠን። አሥር ደቂቃ አለፈ። አንዲት ደብዳቤ እንኳ አላስገባሁም። ማውሱ ዳንቴሉ ላይ እንደገና ሲያዝብኝ በንዴት ነቅዬ አነሳሁትና ያገኘሁት ነገር ላይ አስቀመጥኩት። ያገኘሁት መጽሐፍ ቅዱሴን ነው።

ቀስቷ ጸጥ አለች።

ትንሽ ገፋ አደረግኩት። ትንሽ ሄደች። ጥቁሩ ሽፋን ላይ ማውሱን ወዲያና ወዲህ ወሰድኩት፤ እንደ ለመደች ላም ተከተለችኝ። ደብዳቤውን ያዝኩ፣ ሳብኩ፣ ለቀቅኩ። ገባ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ለሦስት ደቂቃ ያህል ተአምር ነው ብዬ አመንኩ። ለምስክርነት ቀን ምን ብዬ እንደምጀምር ሁሉ አሰብኩ።

ጋሼ አየኝ። «በቃሉ ላይ!» አለ። «እኔስ? እኔ የያዝኩት የቤት ቁልፍ ብቻ ነው።»

ያን ጊዜ ነው መዝገብ ቤቴ የነቃው። ሃያ ዓመት ወረቀት ያገላበጠ ሰው፣ አንድ ነገር ካገኘ ማመሳከር ይወዳል። ማውሱን ባዶ መስታወቱ ላይ አደረግኩት፤ ቀስቷ ሞተች። የፈተናው መመሪያ ወረቀት ላይ አደረግኩት፤ ሄደች። ዳንቴሉ ላይ መለስኩት፤ ዘለለች። ማውሱን ገለበጥኩት። ከሆዱ ቀይ ብርሃን ወጥቶ ዳንቴሉን ይመታል፤ ግማሹ ክር ላይ ያርፋል፣ ግማሹ በቀዳዳው አልፎ መስታወቱ ውስጥ ይሰምጣል። ቀስቷ ምን ታድርግ? መርገጫ አጥታ ነው።

ካርቶኑ ድህነት አልነበረም። በኋላ እንደሰማሁት አሠልጣኟ ይህን መጀመሪያው ቀን ጠዋት አስረድታለች፤ እኔ ያን ጠዋት አዬ ገንፎ አልዋጥላቸው ብሎ አርፍጄ ነበር።

ተአምሩ እዚያው አለቀ። የቀረው ጥፋት ነው፣ እሱም በእጄ የተሠራ።

እውነቱን ልናገር፤ ወዲያው አልተነሳሁም። ዝም ብል አልፋለሁ። አዬ ምሳቸውን ይበላሉ። መብራት ነው ብለዋል፣ ቫይረስ ነው ብለዋል፣ የመንግሥት ሰዎች ካሉ ማን ይከራከራል? ብናገር ደግሞ የመንግሥትን ፈተና ያበላሸች ሴት እሆናለሁ፤ ቦምቤም ሊበዛብኝ ይችላል። ወደ ጋሼ ዞር አልኩ። መሳለቁን ትቷል። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ይመታል። እሱም ሚስት አለው፣ የሚያጎርሳት ባትሆንም የምትጠብቀው። ከወደቀ ቦምቤ የሚሄደው በእኔ ፈንታ ነው፣ በእኔ ዳንቴል።

መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ማውስ አስቀምጬ መዋሸት ደግሞ ለእኔም በዛብኝ።

ተነሳሁ።

«ይቅርታ፣ መብራት አይደለም። ቫይረስም አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሰውዬው መነጽራቸውን አወረዱ። «እርስዎ ምን ነዎት?»

«ዳንቴሉን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ቀዳዳው ነው ቀስቷን የሚያስዘልላት። ከሥሩ ወረቀት ይደረግ፣ ይሠራል።»

ጋሼ ሳይታዘዝ ዳንቴሉን መንጥቆ መመሪያውን ከሥር አስገባ። ማውሱን ገፋ። ቀስቷ ሄደች። «ወይ እትዬ!» ብሎ ጮኸ። «ቦምቤ ልትልኪኝ ነበር!»

ክፍሉ ተነቃነቀ። ሰባት ዳንቴል በአንድ ጊዜ ወደ ላይ በረረ። በስኳር የደረቀ ስለሆነ ሲወድቅ እንደ ቂጣ ይጮሃል።

«ዝምታ!» አሉ ሰውዬው። «ማን አዘዘዎት?»

«ማንም። ምስጋና ነው።»

«ለማን?»

አሰብኩ። «ለጌታ። ለአሠልጣኟ። ለማውሱም ትንሽ።»

«ቀድሞ ከሥር የነበረው የት ሄደ?»

በመስኮት ጥበቃው ይታያል። በብረት ጣሳ ሻይ ጥዷል፤ ከጣሳው ሥር «በደረቅ ቦታ ይቀመጥ» የሚለው ግማሹ ተቃጥሏል። በእጄ አመለከትኩ። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አንዱን ዳንቴል አንስታ አገላበጠችው። «እጅ ሥራው ግን ያምራል» አለች ለግድግዳው።

ሁለቱ ተመካከሩ። ከዚያ ሰውዬው ወሰኑ። የተሠራው ሁሉ ይሰረዛል፣ ሰዓቱ እንደ አዲስ ይጀምራል።

«የእርስዎም ይሰረዛል» አሉኝ። «ሠርተው እንደነበር አይቻለሁ።»

«ይሰረዝ» አልኩ።

እንደገና ተቀመጥን። አሁን ወረቀት ከሥር አለ፣ ማውሱ ደህና ነው። የተበላሸው የእኔ እጅ ነው፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ጨብጦታል። ሰውዬው መጥተው ራሴ ላይ ቆሙ። እጄን ላየው ስል የአዬ ነገር ትዝ አለኝ፤ ስታዪው ነው የሚሳሳተው። ማየቴን ትቼ ቀና አልኩ። የሚታየኝ የሰውዬው ፊት ሆነ።

«ምን ያዩኛል? ስክሪኑን ይዩ።»

«እጄን እንዳላይ ነው፣ ጌታዬ።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ዓይኔን ስክሪኑ ላይ መለስኩ። ያዝ፣ ሳብ፣ ቀዳዳው ጋ ልቀቅ። አሥራ ሁለት ደብዳቤ ነበር። ዘጠኝ አስገባሁ። አሥረኛውን ይዤ መንገድ ላይ ሳለሁ «አቁሙ» ተባለ። ይዤው ቀረሁ። መልቀቅ ፈራሁ፤ ሴትዮዋ መጥታ ጣቴን በጣቷ አነሳችልኝ።

ወሬው እሑድ እስኪደርስ አልቆየም። ማውሱ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሲሆን እንደሠራ ቤተ ክርስቲያናችን ሁሉ ሰምቷል። እሑድ ያቺ ውሻ የሚጮህላት እህት ክንዴን ይዛ ወደ መድረኩ አወጣችኝ። መስክሪ ተባልኩ። ጉባኤው «አሜን» ለማለት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

«መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ሠርቷል» አልኩ።

«አሜን!»

«ወረቀት ላይም ይሠራል። ሳሙና ካርቶን ላይም ይሠራል። የማይሠራው እኔ በሠራሁት ዳንቴል ላይ ነው። ከዳንቴሎቹ አራቱ ደግሞ የመባ ሣህኖቹ ነበሩ፤ ታጥበው ይመለሳሉ። ጌታ ይባረክ።»

አሜኑ ሳሳ። ወርጄ ተቀመጥኩ። ከምስክርነቶቼ ሁሉ አጭሩ ነው፣ ውሸት የሌለበትም እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ውጤቱ የተለጠፈው ሐሙስ ስድስት ሰዓት አካባቢ ነው። ደብዳቤው በእኔ እጅ አላለፈም፤ ኃላፊው ራሳቸው ለጠፉት። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች አነበብኩ፣ ከድንጋጤ ስሜን አጣሁት፤ ከታች ወደ ላይ ደገምኩት። ካለፉት በታች መስመር ተሰምሯል። ከመስመሩ በላይ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ ከእኔ በታች፣ መስመሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጋሼ።

«በአንድ ደብዳቤ በልጬሃለሁ» አልኩት።

«አንድ ደብዳቤ ምን አላት? መጽሐፍ ቅዱስ ብይዝ ኖሮ...» ብሎ ሊቀጥል ፈለገና አልቻለም። እጄን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። እጁ ቀዝቅዞ ነበር። «ጦሳይ ኔና አንጆ» አለኝ፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ ማለት ነው። እሱን ካወቅኩት ጀምሮ ቁምነገር የተናገረው ያን ቀን ብቻ ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። መዝገብ ቤቱን ቆለፍኩ። እንደ ሌላው ቀን ሮጥኩ።

አዬ ወደ በሩ ዞረው ተቀምጠዋል። ትንፋሼ እስኪመለስ አልጠበቁም።

«ያዝሽው?»

«ያዝኩት።»

«አላመለጠሽም?»

«አላመለጠኝም። የትም አልሄድም።»

ደኅና የሆነውን እጃቸውን አንስተው ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ብዙ ጊዜ ወሰዱበት። እጄን ታጥቤ ቦይናውን፣ የተቀቀለውን ጎደሬ፣ አቀረብኩ፣ ከላዩ የሚያቃጥለውን ዳጣ ጨመርኩበት። አጥቅሼ ወደ አፋቸው ወሰድኩ። እጄን አላየሁትም፣ ያየሁት ፊታቸውን ነው። ጎረሱ፣ አኘኩ፣ ዋጡ።

«ዳጣው አንሷል» አሉ፣ አፋቸውንም ለሁለተኛው ከፈቱ።